የሾፌሩ እግር ልክ

ባለወስፌው የወንድ ጫማ በእጁ መሥራት ከጀመረ አርባ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል። ሰፈርተኛው ባለወስፌው የሚለው ያቺ ቆዳ መብሻ ወስፌው ከእጁ ስለማትለይ ነው። በኮቱ ኪስ ረስቷት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ስንቴ የገዛ ጭኑን አስወግቷል! ሲያነክስ ያዩት እንደሆነ፣ «ዛሬም ወጋችህ?» ይሉታል ዳቦ ቤቶቹ። «ቀናተኛ ናት፤ ከሌላ ሰው ጋር ስስቅ አትወድም» ይላቸዋል።

ሱቁ አንዲት ክፍል ናት። መስኮቷ ወደ መንገድ ያያል፤ ከመስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ጎን የሰፊዋ ማሽን። ሰፊዋ ማለት የጫማውን የላይኛ ቆዳ በማሽን የምትገጣጥምለት፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት አብራው የሠራች፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሾለ ሴት ናት። ከጣሪያው በገመድ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተንጠለጠሉት እንጨቶች የደንበኞቹ እግር አምሳያ ናቸው፤ ፎርማ ይባላሉ። እያንዳንዱ ላይ የማን እንደሆነ በእርሳስ ተጽፎበታል፦ «ዳኛው»፣ «ባለመድኃኒት ቤቱ»፣ «ረጅሙ»፣ «ረጅሙ ከወፈረ በኋላ»።

ጫማው ርካሽ አይደለም፤ ቶሎም አይደርስም። አንዱ ጥንድ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ላይኛው ከጥጃ ቆዳ፣ ሶሉ ከበሬ ቆዳ፣ ዙሪያው ሰም በተቀባ ክር በእጅ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ከፎርማው ሳይወጣ ዐሥር ቀን ያርፋል፤ «ቆዳው ቅርጹን እስኪያምንበት» ይላል ባለወስፌው። በማስቲሽ የተለጠፈ ጫማ ሲያይማ ፊቱ ይጠቁራል። የሰውን ጫማ ከእግሩ አስወልቆ፣ ገልብጦ፣ የሶሉን ጠርዝ በጥፍሩ ጫር ጫር ያደርግና፣ «ይሄ ስፌት ክር የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። በጋለ ብረት የተሣለ ሥዕል ነው» ብሎ ይመልስለታል። እንግዲህ የጫማው ባለቤት በዚያ ጫማ ወደ ቤቱ እንዴት እንደሚሄድ አስቡት።

ሌላም ሕግ አለው። እግር የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ ሰውዬው ቆሞ፣ ሁለቱንም ነው። አንዴ ዳኛው ቸኩለው መጥተው፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ እግራቸውን ዘረጉለት።

«ይነሡ» አላቸው።

«ችሎት አለብኝ እኮ!»

«ተቀምጠው የሰጡኝን እግር ሲቆሙ ይክዱኛል። ቃል መካድ እንዴት እንደሚያደርግ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ይነሡ።»

ተነሡ።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ ያንን ስሕተት የሠራው።

ታላቅ ወንድሙ ሾፌር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቷል። ባለወስፌው ገና እጁ ሳይፈታ ጀምሮ፣ «ጋሼ፣ አንድ ጥንድ ልሥራልህ» ሲለው መልሱ አንድ ነው። ሶሉ የሳሳውን ሸራ ጫማውን ከፍ አድርጎ ያሳየዋል። «አንተ፣ እኔ ፍሬኑን በእግሬ መስማት አለብኝ። ያንተን ጫማ አድርጌ ብረግጥ፣ ሶልህ ለፍሬኑ መልእክቱን እስኪያደርስ እኛ ገደል ገብተናል።» ቤቱ ሁሉ ይስቃል። ባለወስፌውም አብሮ ይስቃል፤ ግን ሳቁ ከጉሮሮው አይወርድም። የከተማው ዳኛና ሐኪም በእሱ ጫማ ይሄዳሉ፤ አባታቸው ከሞተ በኋላ እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው ወንድሙ ግን በሸራ ጫማ።

አሁን ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ፣ አልጋ ከያዘ ደግሞ አምስት ወሩ ነው። ልቡ ደክሟል። ልብ ሲደክም ውሃው ወደ እግር ይወርዳል አሉ። ሌሊቱን እግሩ ትራስ ላይ ተሰቅሎ ስለሚያድር ጠዋት ጠዋት ቀጠን ይላል። ቀን ወንበር ላይ ሲውል ያብጣል። አመሻሹ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር አይታይም፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ስርጉዱም ቶሎ አይሞላም። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች፤ የምታስታምመው አንዲት ልጁ ናት።

አንድ ጠዋት ባለወስፌው ሱቁን ሳይከፍት እንደ ልማዱ ሊጠይቀው ጎራ ቢል፣ ሾፌሩ ጢሙን ተላጭቶ፣ ትራሱን ተደግፎ ጠበቀው።

«ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ተሽቀርቅረሃል!»

«ቁጭ በል። ልጄ በወሩ መጨረሻ ልታገባ ነው።»

«ለከርሞ አልነበረም እንዴ?»

«ወደዚህ ወር አመጣችዋ። የዘንድሮ ልጆች ምን ትዕግሥት አላቸው!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዳራሹን ሄዳ እንድታይ ልኬያት ነበር። ከበሩ እስከ መቀመጫዋ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። እጇን ይዤ የማስገባት እኔ ነኝ። በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋሁ አይደለም። በእግሬ።»

«በእግርህ ነዋ! ታዲያ በማን እግር?»

«በሸራ ጫማ ደግሞ አይሆንም።» ሾፌሩ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እንግዲህ ፍሬን የለብኝ። ሥራልኝ።»

ባለወስፌው አርባ ዓመት የጠበቀው ነገር ነው። ኪሱን ዳበሰ፤ ሜትሩ አለ፣ ደብተሩ አለ፣ እርሳሱ አለ። ነገ ሊል፣ ከሰዓት በኋላ ሊል ሲገባው፣ ወንድሙ ሐሳቡን የሚቀይር መሰለውና ብርድ ልብሱን ከእግሩ በኩል ገለጠው።

ጠዋት ነው፤ እግሩ ከትራስ መውረዱ ነው። እና ምን አለፋችሁ፣ የወንድሙ እግር እዚያው ነበረ! ያ የሚያውቀው እግር። ከአውራ ጣቱ የምትረዝመው ሁለተኛዋ ጣት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ፔዳል ሲረግጥ ሰፋ ያለው ቀኙ፣ በልጅነታቸው ቆርቆሮ የቆረጠው ተረከዝ። እብጠቱ ደብዛው የለም። ባለወስፌው ያንን እግር ሲያይ ደስታው ዓይኑን ጋረደው።

«ልቁምልህ?» አለ ሾፌሩ።

«ተወው፤ አትልፋ።»

ደብተሩን ከውስጥ እግሩ ሥር አስደግፎ በእርሳስ ዙሪያውን ሣለ። ልጅቱ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«አጎቴ፣ ማታ መጥተህ ብትለካው አይሻልም? ማታ ማታ እኮ...»

«ማታ ማታ ምን?»

«ይጨምራል።»

«የለም፣ ይቀንሳል። መድኃኒቱ እየሠራ ነው። አታይውም እንዴ?»

ልጅቱ አባቷን አየችና ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

ባለወስፌው እርሳሱን ይዞ ቆመ። በሙያው ደንብ ከሆነ ተኝቶ ለተለካ እግር ይጨመርለታል፤ ለታመመ እግር ደግሞ ከዚያም በላይ። ያውቃል። ግን መጨመር ማለት እዚያው ወንድሙ አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ ይህ እግር ወደ ነበረበት አይመለስም ብሎ በገዛ እጁ መጻፍ ሆነበት። እጁ እምቢ አለው። ልኩን እንዳለ ጻፈና ደብተሩን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የደስታ ነበሩ። ለክፉ ቀን ብሎ ጠቅልሎ ያስቀመጠውን ጥቁር የጥጃ ቆዳ አወጣ፤ ጠባሳ የሌለው፣ መዥገር ያልነካው። በመስኮቱ ብርሃን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ ሲያይ፣ ሰፊዋ ማሽኗን አቆመች።

«ዛሬ ደግሞ ማንጎራጎር ጀመርክ። ደግ ነው?»

«ለጋሼ ነው የምሠራው።»

«ለየትኛው ጋሼ? ለሾፌሩ?» እልል ልትል ምንም አልቀራት። ደብተሩን ሳብ አድርጋ ሥዕሉን አየች፤ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ይሄ ልክ ቆሞ ነው?»

ባለወስፌው ቆዳውን ወደ ብርሃኑ አዞረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቆሞ ነው ወይ?»

«ይቆማል።»

«ይቆማል ወይ አላልኩህም። ቆሟል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ቁረጪ» አላት። ቆረጠች።

በየጠዋቱ ለወንድሙ ወሬ ይዞለት ይሄዳል። ዛሬ ላይኛው ተሰፋ፣ ዛሬ ፎርማው ላይ ወጣ፣ ዛሬ ሶሉ ውሃ ውስጥ አደረ። ሾፌሩም እንደ ልጅ ይጠይቃል። «ስንት ዓመት ይቆያል?» «ከያዝከው ሃያ ዓመት።» «እንዲያማ ከሆነ ከሁለታችንም ይበልጣል» ይልና ይስቃል፤ ሳቁ ሳል ይሆንበታል።

ለሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው ጫማው ከፎርማው ወረደ። ባለወስፌው ሱቁን በጊዜ ዘግቶ፣ በጨርቅ ከረጢት ይዞት ሄደ። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ነበር። ጫማውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አሸተተው፣ ጫፉ ላይ መልኩን አየበት።

«ይሄማ ለእግር አይደለም፤ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን የሚቀመጥ ነው!»

«ለእግር ነው። አምጣ።»

ባለወስፌው ተንበረከከ። አዲስ ካልሲ አደረገለት፤ ማሰሪያውን እስከ ታች ፈታ፤ የጫማ ማጥለቂያውን ከተረከዙ በስተኋላ አስገባ። ጣቶቹ ገቡ። የእግሩ ጀርባ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ቆይ፣ ፍሬን ልያዝ» አለ ሾፌሩና እንደ ዱሮው ገፋ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። እንደገና ገፋ። ባለወስፌው ከሥር የወንድሙ እግር ሲንቀጠቀጥ በመዳፉ ይሰማዋል። ልጅቱ ከኋላ መጥታ የአባቷን ትከሻ ያዘች። አራት ጊዜ ሞከሩት። ከአራተኛው በኋላ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ጫማህ ምንም አላደረገም» አለ ቀስ ብሎ። «እግሬ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

እናንተዬ፣ ይቅርታ! ያለፈውን አርባ ዓመት የቀልድ ጊዜ ሁሉ ደምረው ቢያመጡት ይህችን አንዲት ቃል አያክልም። ባለወስፌው አንገቱን አቀርቅሮ ማሰሪያውን አንድ በአንድ መልሶ ሲያስገባ ቆየ፤ ቀና ብሎ ፊቱን ላለማሳየት።

«ቆዳ ነው፤ ሲወጥሩት ይሰፋል» አለ።

ቆዳ ይሰፋል፤ እውነት ነው። ግን እሱም መጠን አለው። በጠመዝማዛ የሚከፈተውን የማስፊያ እንጨት ጫማው ውስጥ ከተተ፣ ውስጡን በውሃና በአልኮል አረጠበ፣ ጠዋት ግማሽ ዙር፣ ከሰዓት ግማሽ ዙር እያለ ገፋው። ሰፊዋ ሥራዋን እየሠራች በጎን ታየዋለች። በሦስተኛው ቀን ጠመዝማዛውን ሲነካው ቆዳው ጠዝ የሚል ድምፅ አሰማ። ጎንበስ ብሎ አየ። ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነጫጭ መስመሮች ወጥተዋል፤ በብርድ የደረቀ ከንፈር ይመስላሉ።

«በቃ፤ ከዚህ በኋላ ይቀደዳል» አለች ሰፊዋ።

ባለወስፌው እጁን ከጠመዝማዛው ላይ አነሣ።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ከረጢቱን ይዞ ሄደ። በሩን አልፎ የወንድሙን እግር ከሩቅ አየው፤ በርጩማ ላይ ተዘርግቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ካለፈው ይልቅ ጨምሯል። ከረጢቱን ከጀርባው አደረገ።

«አመጣኸው?» አለ ሾፌሩ።

«ቀለሙ አልደረቀም። ይህንኑ ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ብዙም አልተቀመጠም። ሲወጣ ልጅቱ ተከትላው ወጥታ፣ ከደረጃው ሥር፣ መንገዱ ዳር አቆመችው።

«አጎቴ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ልንገርህ?»

«አትንገሪኝ።»

«አጎቴ...»

«ተይ አልኩሽ እኮ የኔ ልጅ።»

«ሠርጉን ለምን ወደዚህ ወር ያመጣሁት ይመስልሃል? ትዕግሥት አጥቼ?»

ባለወስፌው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ያያል። ተረከዙ ያለቀ፣ ማሰሪያው የተፈታ፣ ጭቃ የደረቀበት። ሁሉም በእግሩ ይሄዳል።

«ሃያ ዓመት የሚቆይ ጫማ አልፈልግም» አለች። «አንድ ቀን የሚቆይ ሥራለት። ግማሽ ቀን። ሃያ ሁለት እርምጃ ብቻ። ግን እሱ እንዳያውቅ።»

«አላውቅበትም።»

«እንዴት አታውቅበትም? ከተማው በሞላ የሚሸጠው እሱ አይደል?»

የሚያስቅ ነገር ነበር። ሁለቱም አልሳቁም። እሷ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ደረጃውን ወጣች፤ እሱ ከረጢቱን ታቅፎ፣ ለማን አቤት እንደሚል ሳያውቅ፣ እዚያው ተገትሮ ቀረ።

አራት ቀን ብቻ ነበረው። በእጅ ሊሰፋ፣ ፎርማው ላይ ሊያርፍ፣ የማይታሰብ ነው። በማግስቱ ለሰፊዋ እንዴት እንደሚነግራት ሲያሰላስል ገብቶ ቢያይ፣ የቆዳውን ጥቅልል ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችው።

«የሆዱን ልቁረጥ?» አለችው። የሆድ ቆዳ ማለት የሚለጠጠው፣ የሚልፈሰፈሰው፣ ባለወስፌው ለቦርሳ ሠሪዎች የሚጥለው ነው። ልቡን አንብባዋለች ማለት ነው። በአፏ ላይ ምንም ቀልድ አልነበረም።

«ልኩን ማታ ላምጣልሽና ቁረጪ።»

ማስቲሽ ግን በሱቁ የለም። ያ የጋለ ብረት፣ የሐሰት ስፌት የሚሥለው ትንሹ ጥርሳም መንኮራኩርም የለም። ከመንገዱ ማዶ ግን አለ፤ ባለወስፌው ራሱ ለጣፊው ብሎ ስም ያወጣለት፣ በቀን ስምንት ጥንድ የሚያወርድ ሰው ሱቅ ውስጥ። ባለወስፌው ሲገባ ሲያይ ለጣፊው መዶሻውን አስቀመጠ።

«ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች? ጌታው! ሥዕል ሊያዩ መጡ?»

«መንኮራኩሯን አውሰኝ። ማስቲሽም።»

ለጣፊው ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር። የባለወስፌውን ፊት ሲያይ መልሶ ገጠመው። ዕቃውን አውጥቶ ሰጠውና እስከ በሩ ሸኘው። «ማስቲሹን እንደቀባህ እንዳትገጥመው» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ታገሥ። ጣትህን አልይዝም ሲል ነው ቆዳውን የሚይዘው። ብረቱን ደግሞ አታግለው፤ ያቃጥላል።» አርባ ዓመት የሠራ ሰው፣ እንደ ጀማሪ፣ አንገቱን ነቅንቆ ተቀበለ።

ልኩንም በደንቡ ወሰደ፤ በመሸበት ሰዓት፣ እግሩ ወርዶ መሬት ረግጦ፣ ወንድሙ ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ። ሾፌሩ ግን ነቃ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ማሰሪያው ምን ያህል እንደሚበቃው እያየሁ ነው። አስፍቼዋለሁ። ደርሷል።»

«ያው የመጀመሪያው ነው አይደል?»

«ያው ነው።»

በቀሩት ሦስት ቀናት እጁ ስንቴ ተሳሳተ። ጠርዙን ሲቆርጥ ሳያስበው ለስፌት የሚሆን ትርፍ ይተዋል፤ ደግሞ ይመለስና ይቆርጠዋል። መንኮራኩሯን በሶሉ ጠርዝ ላይ ሲያስኬዳት፣ ከኋላዋ አምረው የሚሰለፉት የክር አምሳያዎች አንድም ክር የለባቸውም። ከማሰሪያው በታች፣ በጫማው ምላስ ግራና ቀኝ፣ ላስቲክ ደብቆ ሰፋበት፤ እግሩ ቢያብጥ እንዲለጠጥ። ቀለሙን ሦስቴ ቀብቶ ወለወለው። ከሩቅ ለሚያየው ቁርጥ የመጀመሪያው ጫማ ነበር። ባለወስፌው በቅርብ ሊያየው አልቻለም።

በሠርጉ ቀን ጫማው ገባ። ተንበርክኮ ያስገባው ባለወስፌው ነው፤ ተረከዙ ሶሉን ሲነካ ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እሰይ» አለ። አዳራሹ በር ላይ ከመኪናው አወረዱት፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል፣ ከረባቱን ልጁ አስራለታለች። እጇን ያዘ። ማን ማንን እንደደገፈ እንዳይታወቅ ክንዷን በክንዱ ሥር አስገብታለች። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ ባለወስፌው በግድግዳው ጥግ እኩል እየሄደ ጫማውን ብቻ ያያል። አምስት። ስድስት። በዘጠነኛው ላይ ቀኙ ትንሽ ጎተተ። ዐሥር። ዐሥራ አምስት ላይ ሾፌሩ ቆመ፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው፤ ግን ዘወር ብሎ ለሰዉ እጁን አወዛወዘ፣ ሰላም ለማለት የቆመ እንዲመስል። ሰዉ አጨበጨበ። ሄደ። ሃያ ሁለት የተባለው ሃያ ስድስት ሆነ፤ የእሱ እርምጃ አጥሯልና። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ባለወስፌው ግድግዳውን ተደገፈ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምንኛ መልካም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሊጠይቀው ሲሄድ፣ ሾፌሩ አልጋው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ጫማውን አስቀምጦበት፣ ብሩሽና ቀለም ደርድሮ አገኘው። ፊቱ ግርጥት ብሏል፤ ዓይኑ ግን ይስቃል።

«ና፣ ና። ለደንበኛው ሁሉ ስታስተምር የገዛ ወንድምህን ረሳህ። ይሄ እንዴት ነው የሚያዘው?»

«ለምን ትለፋለህ ጋሼ፤ እኔ እወለውልልሃለሁ።»

«አንተማ ሥራ አለህ። እኔ ምን ሥራ አለኝ? አሳየኝ። ከዛሬ ወዲያ ሌላ ጫማ እግሬ ላይ አላደርግም። ስንት ዓመት ሞኝ ሆኜ ኖርኩ! እንደ አልጋ እኮ ነው የሚመቸው!» አለና ወደ ማጀት ጮኸ። «ንገሪው እስቲ፣ አብረሽኝ ስትራመጂ ጎትቶኛል? ቆንጥጦኛል?»

ሙሽራዋ ባሏን አስከትላ አባቷ ቤት ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሩ ላይ ብቅ አለች። «አልቆነጠጠህም አባዬ» አለችና አጎቷን አየችው። አጎቷም አያት።

ምን ያድርግ? አስተማረው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ለዳኛው እንደሚያስተምረው አንድም ሳያጎድል አስተማረው። «መጀመሪያ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ። ከዚያ ክሬሙን በጨርቅ፤ ትንሽ፣ የምስር ፍሬ የምታህል። እያዞርክ አስገባው። ወዲያው አትወልውለው፤ ይጠጣው። እሳት አጠገብ አታስቀምጥ። አንድ ቀን ካደረግከው አንድ ቀን አሳርፈው።»

«አንድ ቀን ላሳርፈው?»

«ላቡን ይተፋል።»

«እንግዲያማ አንድ ጥንድ ሌላ ያስፈልገኛል!» ሾፌሩ ጨርቁን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ነክሶ፣ የግራውን ጫማ በጥንቃቄ ያሻል። «ቡናማ ሥራልኝ። ዓርብ ሐኪም ቤት በዚህ እሄዳለሁ። ቡናማው ሲደርስ እያፈራረቅኩ ነው።»

«እሺ።»

«እንደዚህኛው አድርገህ፤ ምንም እንዳትቀይር።»

«እሺ ጋሼ።»

የቀኙን ጫማ ባለወስፌው አነሣው፤ እጁ ሥራ ይያዝ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ሲያገላብጠው በውጭው ጎን፣ የትንሿ ጣት አጥንት በምትገፋበት በኩል፣ ሶሉ ከላይኛው ለቋል። የጥፍር ውፍረት ይሆናል። ከሥሩ የደረቀው ማስቲሽ እንደ ክር ተስቦ ይታያል።

አውራ ጣቱን ቶሎ ላዩ ላይ አሳረፈ።

«ምነው?» አለ ሾፌሩ።

«አቧራ ነው።»

ማስቲሹን ለጣፊው ጋ ሄዶ ሊያመጣ፣ በስውር ሊለጥፈው ይችላል። በሌላ በኩል ይለቃል። ያንንም ይለጥፈዋል። ደግሞ ይለቃል። እውነቱን ሊነግረው ይችላል፤ ታዲያ ለምን እንዲህ አድርገህ ሠራኸው ሲለው ምን ይመልሳል? በአንድ እጁ ብሩሹን አነሣና አውራ ጣቱን ሳያነሣ መቦረሽ ጀመረ።

ሾፌሩ ከግራው ጫማ ላይ ቀና ሳይል ጠየቀ። «ዝናብስ ይችላል?»

«ከዝናብ ብትጠብቀው ይሻላል።»

«ዝናቡ ሊገባ ስንት ወር ቀረው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ወርማ ምን አላት!» አለ ሾፌሩ። «ሦስት ወር ሙሉ አደርገዋለሁ። ሲዘንብ ጊዜ ሣጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ሲያባራ ደግሞ አወጣዋለሁ። እየው እስቲ፣ ይሄኛው በደንብ አበራ ወይስ ልጨምርለት?»

«ትንሽ ጨምርለት» አለ ባለወስፌው።

ሾፌሩ ጨርቁን መልሶ ክሬሙ ላይ አሳረፈ። ባለወስፌውም አውራ ጣቱ ባለበት ሆኖ ይቦርሻል።